ተረካቢ ያለው አገልግሎት፦ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ከጃንሜዳ እስከ ክረምት በጎ ፈቃድ

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሜዳ በወጣት ተሞልቶ ዋለ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን በሰልፍ አለፉ። ደርግ ኅብረተሰብአዊነትን የአገሪቱ መመሪያ አድርጎ ያወጀው በዋዜማው ስለነበር ንግግሩም መፈክሩም ገና ትኩስ ነበር። በቀጣዮቹ ሳምንታት 60 ሺህ ያህል ተማሪና መምህር በየክፍለ ሀገሩ ወደተቋቋሙት የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ጣቢያዎች ተበተነ። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ የሁለተኛ ደረጃ የላይኞቹ ክፍሎችም ባዶ ቀሩ። ያልዘመተ ትምህርቱን መቀጠል እንደማይችል ተነገረ።

ያን ጊዜ የ17 ዓመት ልጅ የነበረ ዘማች ዛሬ ዕድሜው ወደ ሰባ ተጠግቷል። የዚያ ትውልድ ሰዎች ሲገናኙ አመሻሹ ላይ ወሬው ዞሮ ዞሮ ዘመቻው ላይ ይወድቃል። አንዱ የጣቢያውን ስም ይጠራል፣ ሌላው ያስተናገደውን ባላገር፣ ሌላዋ መጀመሪያ በበቅሎ የተጓዘችበትን ቀን። ስለ ንግግሩና ስለ መፈክሩ ግን ብዙም አያነሱም። ብዙዎቹ ወዳጅ የቀበሩበት፣ ብዙዎቹም አገራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩበት ዘመን ነው።

ዛሬ በየትምህርት ቤቱ «የማኅበረሰብ አገልግሎት» የሚባል ዕቅድ ይወጣል። ችግኝ ይተከላል፣ ደም ይለገሳል፣ ያረጀ ቤት ይታደሳል፣ ለታናናሾች የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል። ዕቅዱን የሚያዘጋጀው ርዕሰ መምህር ወይም የክበብ ተጠሪ ግን ከጀርባው የስድሳ ዓመት ልምድ እንዳለ ልብ አይለውም። ኢትዮጵያ ተማሪዎቿን ለሕዝብ አገልግሎት ደጋግማ ልካለች፤ በዩኒቨርሲቲ ደንብ ልካለች፣ በአዋጅ ልካለች፣ በበጎ ፈቃድም ልካለች። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ነው ለሕዝቡም ለተማሪውም ፍሬ የሰጠው? ታሪኩን ከሥር ሲመረምሩት ልዩነቱ የዘማቹ ብዛት ወይም የጉጉቱ መጠን አይደለም። ልዩነቱ ተማሪው ሲሄድ ሥራውን ተረክቦ የሚቀጥል ሰው መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው።

ከአብነት ትምህርት ቤት እስከ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት

ዘመናዊ ትምህርት ከመምጣቱ በፊት በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የነበረው አብነት ትምህርት ቤት የራሱ ሥርዓት ነበረው። የቆሎ ተማሪ ከወላጆቹ ርቆ፣ ለምድ ለብሶ፣ ከየደጁ ቁራሽ ለምኖ ይማራል። ለመምህሩ እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ በእርሻም ይረዳል። የሥርዓቱ ምሰሶ ግን ሌላ ነው። ዳዊት የሚደግመው ልጅ ፊደል የሚቆጥረውን ታናሹን ያስጠናል፤ ቅኔ የሚቆጥረው ደግሞ ዳዊት ደጋሚውን ያርማል። አንድ መምህር ብዙ ተማሪ ይዞ የሚዘልቀው ተማሪው ሁሉ በየደረጃው መምህር ስለነበረ ነው። የአካባቢው ሰው ለተማሪው የሰጠው ቁራሽም በከንቱ አይቀርም፤ ያ ልጅ አድጎ ቀዳሽ፣ መሪጌታ፣ ለመንደሩ ደብዳቤ አንባቢና ጸሐፊ ይሆናል።

ይህን ሕይወት ማሞካሸት አያስፈልግም። ረሃቡ፣ የውሻው ንክሻና ወረርሽኙ ብዙ ሕፃን ቀጥፏል፤ ሴት ልጅም ከሥርዓቱ ውጭ ነበረች። ሆኖም መማርና ማገልገል ሁለት የተለያዩ ነገሮች አልነበሩም። የተማረ ወዲያው ያስተምራል፤ ትናንት የተረዳ ዛሬ ይረዳል።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህን ሰንሰለት በጠሰው። ተማሪው ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ መንግሥት ቢሮ የሚወስደውን መንገድ ያዘ። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአዲስ አበባና በጥቂት ዋና ዋና ከተሞች የተወሰኑ ስለነበሩ፣ የተማረው ወጣትና ባላገሩ እየተራራቁ ሄዱ። በየትምህርት ቤቱ ስካውት ነበር፤ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልም ውሎ አድሮ ወደ ወጣቱ ዘለቀ። በፈቃደኞች የሚካሄዱ የማታ የፊደል ትምህርቶችም ነበሩ፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የምሥራች ድምፅ ዘመቻ ከእነዚህ የሚጠቀስ ነው። እነዚህ ግን የጥቂቶች ሥራ ነበሩ።

ለውጡ የመጣው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። በ1955 የትምህርት ዘመን መባቻ ላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያ ቡድን፣ ሦስት መቶ ያህል ወጣቶች፣ ኢትዮጵያ ገባ። አብዛኞቹ በጠቅላይ ግዛቶቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህር ሆነው ተመደቡ። ገና ከኮሌጅ የወጣ ፈረንጅ ደብረ ማርቆስ ወይም ነቀምት ወርዶ ሲያስተምር ጥያቄው የማይቀር ነበር፤ የአገሩስ ልጅ ምን ሆኖ ነው የማይሄደው?

የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መልስ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» ሆነ። ከ1957 የትምህርት ዘመን ጀምሮ አንድ ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በአገልግሎት ማሳለፍ ግዴታው ሆነ። አብዛኛው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ይወጣና አንድ ዓመት ሠርቶ ለመጨረሻው ዓመት ይመለሳል። ሕግ፣ ጤናና ሌሎች ዘርፎች ያጠኑት በየሙያቸው ቢመደቡም፣ ብዙሃኑ በየአውራጃው ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። በአፍሪካ ከታዩ የዚህ ዓይነት ሙከራዎች ከቀደምቶቹ የሚቆጠር ነው።

አገልግሎቱ መጀመሪያ ላይ ማጉረምረም አልተለየውም። ሆኖም በሁለት በኩል አፈራ። በአውራጃ ያለው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የራሱን ቋንቋ የሚናገር፣ ዕድሜው ከታላቅ ወንድሙ የማይበልጥ መምህር አገኘ፤ ከዚህ ስፍራ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ መግባት እንደሚቻልም በዓይኑ አየ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ በበኩሉ ጭሰኛውን፣ ሲሶና እርቦውን፣ የወረዳውን ግቢ በቅርብ ተመለከተ። በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብሎ በአዲስ አበባ ጎዳና የተሰለፈው ወጣት፣ መፈክሩ ውስጥ ያለውን ሰው በአካል ያገኘው በዚህ አገልግሎት ነው። የተማሪው ንቅናቄ በ1960ዎቹ መግቢያ ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ክፍለ ሀገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋበት አንዱ መንገድም እነዚሁ ወጣት መምህራን ነበሩ። መንግሥት አስተማሪ ልኮ ተቃዋሚ ተቀበለ።

ለጉዳያችን የሚጠቅመው ነጥብ ግን ይህ ነው፤ አገልጋዩ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ የሚያውቀውን ያስተምራል፣ ሲሄድም በእርሱ ቦታ በቀጣዩ መስከረም ሌላ ይመጣል። መተካካቱ በደንቡ ውስጥ የተጻፈ ነበር። አብዮቱ መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ሥርዓቱ አብሮ ተቋረጠ።

በዘማቹ ትከሻ ላይ የወደቀው ሸክም

ዕድገት በኅብረት ከዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የወሰደው አንድ ነገር ቢኖር ተማሪን ወደ ገጠር መላኩን ነው። የቀረው ሁሉ ተለወጠ። የተላከው ዲግሪ ሊጨርስ አንድ ዓመት የቀረው ብቻ መሆኑ ቀርቶ የ11ኛ ክፍል ልጅም ሆነ። የተሰጠው ሥራም አንድ የትምህርት ዓይነት ማስተማር መሆኑ ቀርቶ ባላገሩን ማንቃት፣ ማደራጀት፣ ፊደል ማስቆጠር፣ ጉድጓድ ማስቆፈር፣ ክትባት ማገዝና መንገድ መጥረግ ሁሉንም አንድ ላይ ሆነ።

ደርግ ተማሪውን ሲልክ ሁለት ዓላማ ነበረው። አዲሱን ሥርዓት ገጠር የሚያስገባለት ሌላ የተማረ ኃይል አልነበረውም፤ ሕዝባዊ መንግሥት እንዲቋቋም ይጠይቅ የነበረውን ወጣት ከመዲናዪቱ ማራቁም ይጠቅመው ነበር። ተማሪው ይህን ያውቃል። አንዳንዱ አልዘምትም ብሎ ተከራከረ፣ አንዳንዱ እያኮረፈ ሄደ፣ ብዙው ግን ከልቡ ዘመተ።

ዘማቾቹ ጣቢያቸው በደረሱ በሁለት ወር ገደማ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። የግል ይዞታ ቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ተፈቀደ፤ ቢያንስ በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር ስፋት የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ታዘዘ። አዋጁን ለባላገሩ አንብቦ ማስረዳት፣ ገበሬውን መሰብሰብ፣ ሊቀ መንበርና ጸሐፊ ማስመረጥ የተማሪው ድርሻ ሆነ።

ነገሩን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አንድ የ18 ዓመት ልጅ ከዋርካ ሥር ቆሞ አዋጅ ያነባል። ከፊቱ የተቀመጡት በዕድሜ አባቱንና አያቱን የሚያክሉ ሰዎች ናቸው። ከኋላ ረድፍ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ መሬቱ የሚወሰድበት ባለርስት ቆሟል፤ በወገቡም ሽጉጥ ሊኖር ይችላል። ልጁ ሲጨርስ ከፊት ያሉት ሽማግሌ ይነሡና አንድ ጥያቄ ይጠይቁታል፤ «እናንተ ስትሄዱ ማን አለን?» ይህን ጥያቄ በዚያ ዓመት ስንት ባላገር በስንት ቋንቋ እንደጠየቀው መገመት አያስቸግርም፤ ፈርቶ ያልጠየቀውም በልቡ ይዞት ነበር።

በደቡብና በምዕራብ፣ ጭሰኝነት በከፋበት አካባቢ፣ ገበሬው አዋጁንም ተማሪውንም በደስታ ተቀበለ። ርስት በቆየበት ሰሜን ግን ጥርጣሬው በረታ። ግጭቱም አልዘገየም። ባለርስቶችና የድሮ ሹማምንት አንድ ወገን ሆኑ፤ ፖሊስ በብዙ ቦታ ከእነርሱ ጋር ቆመ። በጅማ አካባቢ የነበረው ግጭት ከከፉት አንዱ ነው። ተማሪዎች ተገደሉ፣ ታሰሩ፣ ከየጣቢያቸው ሸሹ።

ከራሱ ከተማሪውም ጥፋት አልጠፋም። አዋጁ መሬት ለአራሹ ሲል አንዳንዱ ዘማች ዘልሎ የጋራ እርሻ ካልሆነ አለ። በሬውንና ሞፈሩን በአንድ አድርግ የተባለው ገበሬ ትናንት ያገኘው መሬት ዛሬ ከእጁ ሊወጣ መሰለው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ በወራት የተገኘው አመኔታ በሳምንታት የባከነባቸው ጣቢያዎች ነበሩ። ዘመቻው በ1968 ሲያበቃ ጣቢያው ላይ ጸንቶ የቆየው ሲሄድ ከነበረው እጅግ ያነሰ ነበር። ብዙው ከደርግ ጋር ተቃቅሮ ከተማ ተመለሰ፤ በቀይ ሽብር ዓመታትም የዚህ ትውልድ ልጆች በየመንገዱ ወደቁ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የቀረው ምንድን ነው? የተቆፈረው ጉድጓድ ብዙው ተደፈነ፤ የተጀመረው የፊደል ትምህርትም ተማሪው ሲሄድ ቆመ። የገበሬ ማኅበሩ ግን ቀረ። ውሎ አድሮ የመንግሥት መጠቀሚያ ቢሆንም፣ የገጠሩ ቀበሌ መሠረት የተጣለው ያኔ ነው። ጉድጓዱና ትምህርቱ በተማሪው እጅ ነበሩ፤ ማኅበሩን ግን ገበሬው ራሱ፣ መሬቱን ስለያዘበት፣ ተረከበው።

ኩራዝና ፊደል

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የሁለተኛ ደረጃው ተማሪ ሌላ ነበር። ታላላቆቹ ዘምተው ያልተመለሱ፣ ተመልሰውም የታሰሩ ወይም የተሰደዱ ናቸው። ጎበዝ ሆኖ መታየት ዋጋ እንደሚያስከፍል አውቋል። የተሰጠው ሥራ ግን ካለፈው ይልቅ ጠባብና ጥርት ያለ ነበር፤ ማንበብና መጻፍ፣ ጥቂትም ሒሳብ ማስተማር።

ከአብዮቱ በፊት ከመቶው ሕዝብ 93ቱ ማንበብ እንደማይችል ይነገር ነበር። ዘመቻው በከተማ ተጀምሮ ወደ ገጠር ሰፋ፤ በየዓመቱ በዙር በዙር እየተከፈለ እስከ 1980ዎቹ መግቢያ ዘለቀ። ትምህርቱ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ተሰጠ። ኦሮምኛ፣ ወላይትኛ፣ ሶማሊኛና ሌሎችም ለሕዝብ ትምህርት በዚህ ስፋት ሲታተሙ ያ የመጀመሪያው ነበር። ዘመቻው በተጀመረ በዓመቱ አስተባባሪው ኮሚቴ ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ የማንበብና መጻፍ ሽልማት ተቀበለ።

የማስተማሪያው ቦታ ትምህርት ቤት ከሌለ ዳስ ነው፤ ዳስ ከሌለ የዛፍ ጥላ። ገበሬው ከእርሻ፣ እናት ከእንጀራ ምጣድ ተነሥተው የሚመጡት አመሻሽ ላይ ስለሆነ ኩራዙ እንደ ጠመኔው የማይቀር ዕቃ ነበር። ልጁ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ አዛውንቱ ዕርፍ የለመደ ጣታቸው እርሳስ አልጨብጥ ብሏቸው ይታገላሉ። አስተማሪው ከተማ ያደገና በክረምቱ ጭቃ የመጣ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነው፤ ጎኑ የሚያርፈው በገበሬ ማኅበሩ በተመደበለት ቤት፣ ምግቡም ከዚያው ነው። መጨረሻ ላይ ፈተና አለ፤ ያለፈ ሰርተፊኬት ይቀበላል። ስሙን ራሱ ጽፎ የሚፈርም አባወራ ለብዙ ቤተሰብ አዲስ ነገር ነበር። የጣት አሻራ ሳያኖር ግብሩን የከፈለበትን ደረሰኝ አንብቦ የሚቀበል ገበሬ ከጸሐፊው ጋር ያለው ነገር ይለወጣል።

ዘመቻው ግፊት አልተለየውም። በብዙ ቦታ የገበሬ ማኅበሩና ቀበሌው በቀሪዎች ላይ ቅጣት ይጥሉ ነበር፤ ሪፖርቱም ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ያብጥ ነበር። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት መንግሥት ከሕዝቡ ሦስት አራተኛው ማንበብ ቻለ ይል ነበር። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከሦስት አንድ እንኳ እንዳልሞላ አሳየ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ገደል የሪፖርት ማበጥ ብቻ አይደለም፤ የመርሳትም ጭምር ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው የሚያነበው ከሌለው በሁለትና ሦስት ዓመት ይረሳል። የንባብ ቤቶች ተቋቁመው ነበር፤ ጦርነቱና ድርቁ ሲበረታ ግን አዲስ መጽሐፍ የሚያደርስ፣ ቁልፉን የሚይዝ፣ መብራቱን የሚያበራ ጠፋ። ተማሪው ድርሻውን ሠርቶ ሄደ፤ የሚረከበው አልነበረም።

ቢሆንም ከሦስቱ ታላላቅ ሙከራዎች ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚመጥነው ይሄኛው ነበር። ሥራው ልጁ የሚያውቀው ነው። የሚያስተምረው ሰው ስም አለው፤ ሲያልፍ ያያል፣ ሲወድቅም ያያል። አንድ የ17 ዓመት ልጅ አንድን አገር መለወጥ አይችልም፤ አሥር ሰው ፊደል ማስቆጠር ግን ይችላል። ከዘመቻው የተመለሱ ብዙዎች ኋላ መምህር የሆኑት ይህን አንዴ ስለቀመሱት ሊሆን ይችላል።

ክበብ፣ አንድ ለአምስትና የአንድ ቀን ሥራ

ከ1983 በኋላ ተማሪን በአዋጅ ማዝመት ቀረ። ቦታውን የትምህርት ቤት ክበባት ያዙ። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት ባዶ ሲያደርግ የፀረ ኤድስ ክበብ የሌለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማግኘት ያስቸግር ነበር። በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ግጥም ይነበባል፣ በሚኒ ሚዲያ ጭውውት ይተላለፋል፣ በድራማ ዕድርተኛው ይሰበሰባል። ወላጅ ከልጁ ጋር ለማውራት የሚያፍረውን ነገር ልጆቹ በአደባባይ ተናገሩት። እነዚህ ክበባት የሚመሰገኑበት አንድ ምክንያት አላቸው። የ12ኛ ክፍሉ ሊቀ መንበር ማትሪክ ወስዶ ሲሄድ የ11ኛ ክፍሉ ይተካዋል። ማይክራፎኑ፣ የስብሰባ መዝገቡና ተጠሪ መምህሩ እዚያው ይቀራሉ።

የአብነቱን ሥርዓት የሚመስለው የእርስ በርስ መማማርም ኋላ ላይ «አንድ ለአምስት» በሚል ስም ወደ ክፍል ገባ። ጎበዙ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን እንዲያስጠና ታስቦ ነበር። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ሆኖም ያው አደረጃጀት በቀበሌም በገበሬውም ዘንድ የፖለቲካ መቆጣጠሪያ ሆኖ ስለታየ፣ ተማሪው በጥርጣሬ ተመለከተው። በብዙ ክፍል መዝገብ ላይ ቡድኑ ነበረ፤ ጥናቱ አልነበረም። ማገዝን ሪፖርት ማድረግ ሲቀድመው የሚሆነው ይህ ነው።

ሌላው ሰፊ መድረክ የክረምት በጎ ፈቃድ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የተመለሱ ወጣቶች በየሠፈራቸው ለሁለተኛ ደረጃ ልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ፤ ከፖሊስ ጋር ትራፊክ ያስተናብራሉ፤ የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ ዐሻራ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ ከተካዮቹ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ተማሪና መምህር ጦር ግንባር ለሄዱ ገበሬዎች ሰብል እንዲሰበስቡ ተደረገ። ደቦና ወንፈል የሚያውቅ ባላገር ሐሳቡ አይገርመውም፤ ታጭዶ ካልተሰበሰበ የሚረግፍ እህል ቀጠሮ አይሰጥም።

የዘመናችን አገልግሎት ድክመት ግን የአንድ ቀን መሆኑ ነው። ችግኙ ሐምሌ ላይ ይተከላል፤ የሚደርቀው ግን ጥር ላይ ነው፣ ተማሪው ለፈተና ሲዘጋጅ። በሐምሌ ፎቶ የተነሣው ሁሉ ጥር ላይ ጀሪካን አይዝም። በየዓመቱ እዚያው ጉድጓድ ላይ የሚተክሉ ትምህርት ቤቶች ያሉት ለዚህ ነው። የደም ልገሳም እንዲሁ ነው። አንድ ከረጢት ደም ከወር ብዙ አልፎ አይቀመጥም፤ በአንድ በዓል የሚሰበሰበው ሁሉ ከወራት በኋላ ለምትወልድ እናት አይደርስላትም። 18 ዓመት የሞላቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና መምህራን ተራ ገብተው በየጊዜው ቢለግሱ፣ ለአንድ ቀን በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ፊት ከሚደረገው ልገሳ ይበልጣል። ለግብር ይውጣ የሚሠራ በጎ ሥራ ተቀባዩንም አይጠቅም፤ ልጁንም የሚያስተምረው ትልልቅ ሰዎች ለይስሙላ እንደሚሠሩ ነው።

ሰዓት የሚቆጠርበት አገር

ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያው ያሉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ይህን ነገር በሌላ መልክ ያውቁታል። የሜሪላንድ ግዛት ከአሜሪካ ግዛቶች ቀድሞ የማኅበረሰብ አገልግሎትን ለሁለተኛ ደረጃ መመረቂያ ግዴታ ያደረገ ሲሆን፣ ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1992 ወጥቶ በ1997 ተመራቂዎች ላይ ተግባራዊ ሆነ። መለኪያው 75 ሰዓት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ 100 ሰዓት ይጠየቃል። በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር የሐበሻ ልጅ 75ቱን ሰዓት ሳይሞላ ዲፕሎማ አይቀበልም።

ብዙ ልጆች ሰዓታቸውን የሚሞሉት በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ፣ በምግብ ማደያ ወይም በቤተ መጻሕፍት ነው። ቅፁን የሚያስፈርሙት በመጨረሻው ዓመት ግንቦት ላይ ተጣድፈው ከሆነ ሥራውም ግብር መክፈል ይሆናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለታናናሾች አማርኛ ፊደል የሚያስተምር ልጅ ግን ሌላ ነገር ይገጥመዋል። አማርኛውን ራሱ አጥርቶ ስለማይናገር ማስተማሩ እንዲማር ያስገድደዋል፤ ቤት ገብቶም እናቱን «እማዬ፣ ይህቺ ‹ኘ› እንዴት ነው የምትጻፈው?» ይላል። ሰዓቱ ከሞላ በኋላም የሚመላለሰው ልጅ ብዙውን ጊዜ ሰው የሚጠብቀው ልጅ ነው። ሁለቱም ልጆች ቅፃቸው ላይ 75 የሚል ቁጥር ይጽፋሉ፤ ቅፁ የማይለየውን ግን እነርሱ ያውቁታል።

ለርዕሰ መምህሩና ለክበቡ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት በጣም ውድ የሆነ ዕቅድ አያስፈልገውም። ትምህርት ቤቱ ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት፣ ስንት ተማሪ እናሰልፍ ከማለቱ በፊት፣ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ ተማሪዎቹ ሲሄዱ ይህን ሥራ ማን ይይዘዋል? መልሱ ስም ያለው ሰው ካልሆነ ሥራው ገና አልታቀደም ማለት ነው።

ችግኝ ከሆነ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዛፍ ይኑረው፤ የ9ኛ ክፍሉ ተክሎ እስከ 12ኛ ያጠጣና በምረቃው ሳምንት ለአዲሱ 9ኛ ክፍል ያስረክብ። ቁጥሩ ያንሳል፤ ዛፉ ግን ይቆያል። የቤት እድሳት ከሆነ ጎረቤቱና ዕድሩ ከመጀመሪያው ይግቡበት፤ ጣሪያው በሁለተኛው ክረምት ሲያፈስ የቤቱን ባለቤት የሚያውቅ የሠፈር ሰው እንዳይጠፋ። የጤና ሥራ ከሆነ የአካባቢው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የምትመራው ይሁን፤ ተማሪው ሲሄድ እርሷ አለች። ሠፈሩ ምን እንደሚፈልግም የሠፈሩ ሰው ይናገር፤ በ1967 ከዋርካው ሥር ለሽማግሌው ጥያቄ መልስ የጠፋው ሥራውን ከሩቅ የመረጠው ሌላ ስለነበረ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን በእጃችን ያለው ነው። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ በአቅራቢያው ባለው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስት የ3ኛ ክፍል ልጆችን ንባብ ያስለምድ። ለዚህ በጀት አይጠየቅም፣ አውቶቡስም አያስፈልግም። ሥራው ተማሪው የሚችለው ነው፤ ውጤቱ በሴሚስተሩ መጨረሻ ይታያል፤ ወላጅም ያመሰግናል። ዋናው ጥቅሙ ግን የሚቀጥለው ትውልድ በውስጡ መኖሩ ነው። ዛሬ ንባብ የሚለምደው የ3ኛ ክፍል ልጅ ከስምንት ዓመት በኋላ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ይሆናል፤ የተደረገለትን ስለሚያውቅ ሌላ ሰው ሳይጎተጉተው ሊያደርግ ይችላል። ተረካቢው ከተገልጋዩ ውስጥ ይወጣል። አብነት ትምህርት ቤቱ ያለ በጀትና ያለ አዋጅ ለዘመናት የቆየው በዚሁ ነው።

ይህን ሥራ ለማስጀመር ሚኒስትር አያስፈልግም። ሁለት ርዕሳነ መምህራን፣ አንድ ክፍልና የሚጠብቁ ልጆች ይበቃሉ። አንድ ለአምስትን የገደለው በሽታ እንዳይመለስ ግን አንድ ነገር መጠበቅ አለበት፤ ሪፖርት የሚጽፈው ትምህርት ቤቱ እንጂ ተማሪው አይሁን፤ የሚቆጠረውም የመጣው ተማሪ ብዛት ሳይሆን ማንበብ የቻለው ሕፃን ይሁን። ስድሳ ዓመት ሙሉ የላክናቸውን ቆጠርን፤ አሁን በእነርሱ እግር የተተኩትን መቁጠር እንጀምር።